ሥዕልን በቃል ስለ ማዘዝ

በጽሑፍ ትእዛዝ ሥዕል የሚሠራው የኮምፕዩተር መሣሪያ የሚማረው ከሥዕልና ከመግለጫው ነው። እ.ኤ.አ. በ2022 ላዮን በሚል ስም የወጣው አንድ ስብስብ ከ5 ቢሊዮን የሚበልጡ ሥዕሎችንና ፎቶግራፎችን ከነመግለጫቸው ይዘረዝራል። መሣሪያው ከተማረ በኋላ ትርጉም ከሌለው የነጠብጣብ ትርምስ ተነሥቶ፥ ትርምሱን በየደረጃው እያጠራ የታዘዘውን መልክ ያወጣል።

ከጎባ በላይ፥ ከ4,000 ሜትር በሚበልጠው የሳነቴ አምባ የሚጓዝ የባሌ ፈረሰኛ እንዲሥል እንዘዘው እንበል። በፈረንሳዊው ሠዓሊ በሞኔ አሣሣል ከሆነ ስሙን መጥራት ይበቃል፤ በብዙ መግለጫ ላይ ይገኛልና። በኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን አሣሣል ከሆነ ግን መግለጫው በአንጻሩ ጥቂት ስለ ሆነ ዝርዝር ያሻል፤ ይኸውም ዐይኑ የጎላ፥ ዙሪያው በጥቁር መስመር የተከበበ፥ ጥላ የሌለው፥ ከበስተኋላው ጅብራ የቆመበት እያሉ መጻፍ ነው። ከሁሉም በላይ ፊቱ ሙሉ እንዲሆን ማዘዝ ይገባል። በዚህ ልማድ ደጋጎች በሙሉ ፊት፥ ክፉዎች በጎን ይሣላሉና፤ መሣሪያው ፊቱን በጎን ቢሥለው ሰላማዊው መንገደኛ ከክፉዎች ወገን ይቈጠራል።

ስለዚህ የአሣሣልን ስም ከመጥራት ይልቅ ሕጉን ማወቅ ይበልጣል። እኛም ተማሪዎች የአገራችንን ሥዕል ከነትርጉሙ ብንመዘግብ፥ ለመሣሪያውም ለሰውም የሚያገለግል መግለጫ እናተርፋለን።