ሊማሊሞ ጎማ ይፈትናል

ከጎንደር በደባርቅ በኩል ወደ አዲአርቃይ የሚሄድ ከባድ መኪና ሊማሊሞን መውረዱ አይቀርም። ጣሊያን በወረራው ዘመን (1928–1933 ዓ.ም.) የቀደደው ጠመዝማዛ መንገድ ነው። ሰው ሁሉ ስለ ፍሬን ያወራል፤ እኔ ግን መጀመሪያ የማየው ጎማውን ነው።

ቁልቁለቱን ሙሉ ፍሬን ሲረገጥ ታንቡሩ ይግላል፤ ሙቀቱ በቸርኬው አልፎ ጎማው ጋ ይደርሳል። ያረጀ ወይም ንፋሱ የጎደለ ጎማ ይህን አይችልም። ከኋላ ካሉት መንታ ጎማዎች አንዱ ሲጎድል ደግሞ ጭነቱን ሌላው ይሸከማል፤ ከሩቅ ሲታዩ ግን ሁለቱም ደህና ይመስላሉ።

«ጥርስ አለው» ብቻ አይበቃም። የስልካችሁን መብራት አብሩና በጎማው ጎን «ዲኦቲ» ከሚለው ጽሑፍ መጨረሻ ያሉትን አራት ቁጥሮች ፈልጉ። 2319 ካለ፣ በፈረንጆቹ 2019 በ23ኛው ሳምንት ተሠርቷል ማለት ነው።

ረዳት ሆናችሁ የምትሠሩ ወንድሞቼ፣ ጠዋት ጎማው ሳይግል ጎንደር ላይ ጎሚስታ ጋ ንፋሱን አስለኩ። ደባርቅ ስትደርሱ ሻዩ ይቆይ፤ መኪናውን ዙሩ፣ በመንታዎቹ መሃል የተሰነቀረ ድንጋይ ካለ አውጡ። ሹፌሩንም «በማርሽ ያዘው» በሉት። ከፊታችሁ የሚወርደው ሚኒባስ ሰው ጭኗል።