በአየርላንድ ገጠር የቦታና የትውልድ ታሪክ አመራመር

በአየርላንድ ገጠር የአንድን ቤተ ሰብ ታሪክ ለመመርመር የሚነሣ ሰው በመጀመሪያ የሚገጥመው መዝገብ ሳይሆን የመዝገብ መጥፋት ነው። በ1922 ዓ.ም. (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዘመናት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ናቸው) የእርስ በርስ ጦርነት በተነሣ ጊዜ፥ በደብሊን ከተማ «ፎር ኮርትስ» በሚባለው የፍርድ ቤት ግቢ ውስጥ የነበረው የመንግሥት መዛግብት ቤት በጁን 30 ቀን በፍንዳታና በእሳት ጠፋ። የብዙ መቶ ዓመታት ጽሑፍ ዐመድ ሆነ፤ ከተቃጠሉትም መካከል የ1821፥ የ1831፥ የ1841ና የ1851 የሕዝብ ቈጠራ ዝርዝሮች ይገኙባቸዋል፤ ከእነዚህ የተረፈው ጥቂት ቍርጥራጭ ነው። ጥፋቱን ሁሉ በእሳቱ ማሳበብ የተለመደ ነው፤ ነገር ግን የ1861ንና የ1871ን ዝርዝር ያስወገደው፥ የ1881ንና የ1891ንም በመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ጊዜ ለወረቀት መሥሪያ ያስፈጨው ራሱ መንግሥቱ ነበር። ስለዚህ ምሉዕ ሆኖ የተረፈው የመጀመሪያው ቈጠራ የ1901 ነው።

የቤተ ክርስቲያን መዝገብ ይህን ክፍተት የሚሞላው በከፊል ብቻ ነው። የፕሮቴስታንቷ የአየርላንድ ቤተ ክርስቲያን መዝገቦች ብዙዎቹ በመዛግብቱ ቤት ተከማችተው ስለ ነበሩ አብረው ነደዱ። የካቶሊኮቹ በየአጥቢያው ቄስ እጅ ስለ ቈዩ ተርፈዋል፤ ሆኖም ካቶሊኮች ለረጅም ጊዜ በሕግ ተጨቍነው ስለ ኖሩ፥ በብዙ ገጠር፥ በተለይም በምዕራቡ ክፍል፥ የጥምቀት መዝገብ የሚጀምረው ከ19ኛው መቶ ዓመት ወዲህ ነው። የሁሉም ሰው ልደትና ሞት በመንግሥት መመዝገብ የጀመረው ደግሞ በ1864 ነው።

ሰውን በስሙ ብቻ መከታተል ካልተቻለ በመሬቱ መከታተል ያስፈልጋል፤ የአየርላንድ ምርምር ዋና ጠባይም ይኸው ነው። አገሩ «ታውንላንድ» በሚባሉ ከ60,000 በሚበልጡ ትንንሽ ክልሎች የተከፋፈለ ነው። ታውንላንድ ከተማም መንደርም አይደለም፤ የራሱ ስምና ወሰን ያለው መሬት ሲሆን፥ አንዱ ጥቂት ኤክር፥ ሌላው በሺህ የሚቈጠር ኤክር ይሆናል። ወደ አሜሪካ የተሰደዱት ሰዎች ዘሮች ብዙውን ጊዜ የሚያውቁት የቅድመ አያታቸው አገር «ኮርክ አውራጃ» መሆኑን ብቻ ነው። በአንድ አውራጃ ውስጥ ግን ስማቸው አንድ የሆነ ብዙ መቶ ሰዎች ስለሚገኙ ይህ ብቻውን የትም አያደርስም፤ የታውንላንዱ ስም ሲታወቅ ነው ፍለጋው መልክ የሚይዘው።

ስሙም ቢሆን ጥንቃቄ ያሻዋል። ከ1824 ጀምሮ የመንግሥቱ ካርታ አንሺዎች አገሩን ሲለኩ የአየርላንድኛው ስም በእንግሊዝኛ አጻጻፍ ሰፈረ። ጆን ኦዶኖቫን የተባለው ሊቅ በ1830ዎቹ ዓመታት በየገጠሩ እየዞረ ሽማግሌዎችን ባይጠይቅ ኖሮ የብዙው ስም ትርጕም ጠፍቶ በቀረ ነበር። ለምሳሌ በስም መነሻ ላይ የሚገኘው «ኪል» አንዳንድ ጊዜ «ቤተ ክርስቲያን»፥ አንዳንድ ጊዜ «ደን» ከሚል ቃል የመጣ ነው፤ ካርታውን ብቻ የሚያነብ ሰው ጥንት ደን በነበረበት ስፍራ የቤተ ክርስቲያን ፍርስራሽ ሲፈልግ ይውላል።

ከመሬት መዛግብት ሁሉ ይበልጥ የሚያገለግለው በሪቻርድ ግሪፊዝ መሪነት ተሠርቶ ከ1847 እስከ 1864 የታተመው የመሬት ግምት ነው። በየታውንላንዱ ጭሰኛው ማን እንደ ሆነ፥ መሬቱን ከማን እንደ ያዘ፥ ስፋቱንና ለግብር የተገመተውን ዋጋ ይናገራል፤ ይዞታው በካርታ ላይ የሚገኝበትንም ቍጥር ይሰጣል። ስለ ዕድሜ፥ ስለ ሚስትና ስለ ልጆች ግን አንዳች አይናገርም። ከዚህም በላይ፥ በ1845 የጀመረው ረኃብ አንድ ሚሊዮን ያህል ሰው ፈጅቶ፥ ከዚያ የማያንስ ሕዝብ ባሰደደበት ጊዜና ከዚያም በኋላ የተሠራ በመሆኑ፥ ያን ጊዜ የፈረሰው ቤት በውስጡ የለም። ስለዚህ ከረኃቡ በፊት ከተጻፉት የዐሥራት መጻሕፍት ጋራ አስተያይቶ ማንበብ ግድ ነው። በፊተኛው ተገኝቶ በኋለኛው የታጣ ስም ሁሉ መልስ የሚፈልግ ጥያቄ ነው።

በአንድ ታውንላንድ ሁለት ፓትሪክ መርፊ ቢኖሩ፥ የግምቱ ጸሐፊ ከስሙ አጠገብ የአባቱን ስም ወይም ሥራውን ወይም «ቀዩ» የሚል ቅጽል ይጨምራል። ይህ የጸሐፊው ፈጠራ ሳይሆን የአገሬው ልማድ ነው። በምዕራቡ ዳርቻ በሚኖሩት አየርላንድኛ ተናጋሪዎች ዘንድ አንድ የቤተ ሰብ ስም ብዙ ቤቶችን ስለሚያጠቃልል፥ ሰው የሚታወቀው ከራሱ ስም ቀጥሎ የአባቱ ወይም የእናቱ፥ ከዚያም የአያቱ ስም ተጨምሮለት ነው፤ ይህን ለአማርኛ አንባቢ ማስረዳት አያሻም። ከግሪፊዝም በኋላ ሹማምንቱ የይዞታውን ለውጥ በልዩ ልዩ ቀለም እየሰረዙና እየተኩ ይጽፉ ነበር። የተሰረዘው ሰው ሞቶ ወይም ተሰዶ፥ መሬቱን ለልጁ አውርሶ ወይም ከመሬቱ ተባርሮ ይሆናል፤ የቱ እንደ ሆነ ግን ቀለሙ አይናገርም።

ይህን የሚናገሩት ሰዎች ናቸው። በ1935 የተቋቋመው የአየርላንድ ፎክሎር ኮሚሽን ሠራተኞቹን በየገጠሩ ልኮ የሽማግሌዎችን ቃል በሰም ሲሊንደር ያስቀዳ ነበር፤ ከተገለበጠ በኋላም ሲሊንደሩ ውድ ስለ ነበረ ተፍቆ እንደ ገና ይቀዳበታል። ከ1937 እስከ 1939 ደግሞ 5,000 ያህል የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ተማሪዎች ወላጆቻቸውንና ጎረቤቶቻቸውን እየጠየቁ 740,000 ያህል ገጽ ጻፉ። በዚህ ክምችት ውስጥ የፈረሰ ቤት ባለቤት ስም፥ በረኃቡ ዘመን የባዶ ታውንላንድ ወሬ፥ የአንድ ማሳ መጠሪያ ምክንያት ይገኛል፤ በመንግሥት መዝገብ ውስጥ እንዲህ ያለ ነገር ከቶ አይገኝም።

ቃል ይሳሳታል፥ ጽሑፍ ግን አይሳሳትም የሚል ተማሪ ቢኖር የ1908ን የጡረታ ሕግ ይመልከት። ሕጉ 70 ዓመት ለሞላው ድኻ ጡረታ ስለ ሰጠ፥ የልደት ምዝገባ የሌለው ሽማግሌ ዕድሜውን ማስረዳት ነበረበት። አንዳንዶቹ በጃንዩወሪ 6 ቀን 1839 ሌሊት የተነሣውንና ሕዝቡ «ታላቁ ነፋስ» የሚለውን ዐውሎ ማስታወሳቸውን ምስክር አደረጉ፤ ሌሎቹ ስማቸው በ1841 ወይም በ1851 ቈጠራ እንዲፈለግላቸው አመለከቱ። በ1911 ቈጠራም ብዙ ሰዎች ከ1901 ወዲህ ከዐሥር ዓመት ይልቅ እጅግ አርጅተው ይታያሉ፤ ጡረታው ያስረጃቸው እንደ ሆነ መጠርጠር ይገባል። ይሁን እንጂ ቈጠራው ሲቃጠል ከማመልከቻዎቹ ጋራ የተያያዘው የፍለጋ ውጤት ስለ ተረፈ፥ ጠፋ ከተባለው የ1841ና የ1851 ዝርዝር ጥቂቱ ዛሬ የሚነበበው በእነዚህ ድኾች ጥያቄ ምክንያት ነው።

የአፍ ታሪክም የራሱ ዝምታ አለው። አሬንስበርግና ኪምቦል የተባሉ አሜሪካውያን ሊቃውንት በ1930ዎቹ ዓመታት በክሌር አውራጃ እንዳጠኑት፥ እርሻው የሚተላለፈው ለአንድ ልጅ ነው፤ እርሱ ሲያገባ ወላጆቹ ወደ ምዕራቡ ክፍል ይዛወራሉ፥ ወንድሞቹና እኅቶቹም አብዛኞቹ ይወጣሉ። የቤቱ ታሪክ የሚተረከው በቀረው ልጅ በኩል ስለ ሆነ የወጡት ከጊዜ በኋላ ይረሳሉ፤ የጥምቀት መዝገቡ ግን ከክርስትና አባትና እናታቸው ጋራ ይዟቸው ይገኛል። ከውጭ አገር የሚመጣው ጠያቂ የእነዚህ የተረሱት ዘር በመሆኑ፥ ባለቤቱና እንግዳው ስለ አንድ ቤት ሲነጋገሩ ሁለት የተለያየ ታሪክ ያወራሉ።

ከሁሉ የሚከብደው የመባረር ነገር ነው። ጭሰኞች ኪራይ መክፈል አቅቷቸው ሲባረሩ መሬታቸውን ደፍሮ የያዘ ሰው፥ በተለይም ከ1879 ወዲህ የመሬት ሊግ የተባለው ማኅበር ከተነሣ በኋላ፥ «ነጣቂ» ተብሎ ከጎረቤት ይገለል ነበር። የይዞታው መዝገብ የለውጡን ዓመት በግልጥ ያሳያል፤ የዚያ ቤት ልጆች ግን ዛሬም እዚያው ሊኖሩ ይችላሉ። ስለዚህ መዝገቡን በመጀመሪያው ቀን ገልጦ «ከእናንተ በፊት ማን ነበረ?» ማለት ነውር ነው። ጠንቃቃ ተመራማሪ ስለ ማሳው ስም፥ ስለ ምንጩና ስለ አሮጌው መንገድ ይጀምራል፤ የካርታውንም ቍጥር ይዞ የቤቱን ፍርስራሽ ራሱ ሄዶ ያያል፤ የተባረሩትን ስም ደግሞ ከማዶው ታውንላንድ ሰው ይጠይቃል።