ሐይቅ ላይ መብረቅ ሲመጣ፦ ሌሊቱ ለምን ይከፋል? ምንስ እናድርግ?

እ.ኤ.አ. በ2018 በምሥራቅ ኮንጎ ኢቱሪ ግጭቱ ሲብስ፣ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች በታንኳና በዓሣ አጥማጅ ጀልባ አልበርት ሐይቅን አቋርጠው ኡጋንዳ ገብተዋል። ስለ ማዕበሉ ብዙ ተብሏል፤ ስለ መብረቁ ግን እምብዛም አይወራም።

ብዙ ሰው ላለመታየት ሲል ሌሊት መሻገርን ይመርጣል። ችግሩ ግን ሌሊት የትልልቅ ሐይቆች የመብረቅ ሰዓት መሆኑ ነው። ሲመሽ የብሱ ቶሎ ይቀዘቅዛል፣ ውሃው ግን ሙቀቱን ይዞ ያድራል። ነፋሱ ከየዳርቻው ወደ ሐይቁ ይነፍስና መሃል ላይ ተገናኝቶ እርጥቡን አየር ወደ ላይ ይገፋዋል፤ ነጎድጓዳማው ደመና የሚሠራው ያኔ ነው። በተለይ ቪክቶሪያ ሐይቅ በዚህ ይታወቃል።

ከመነሳታችሁ በፊት ሰማዩን እዩ። ነጎድጓድ ከተሰማ አትነሱ፤ የመጨረሻው ድምፅ ከተሰማ በኋላ 30 ደቂቃ ጠብቁ። ርቀቱን ለማወቅ ከብልጭታው እስከ ድምፁ ሰከንድ ቁጠሩ፤ 3 ሰከንድ 1 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። «ገና ሩቅ ነው» ብላችሁ ግን አትዘናጉ፤ መብረቅ ከዝናቡ 10 ኪሎ ሜትር ርቆም ይመታል።

ውሃው ላይ እያላችሁ ከደረሰባችሁ፣ በቅርብ ወዳለው ዳርቻ ቅዘፉ። ሜዳ በሆነ ውሃ ላይ ከፍ ብሎ የሚታየው ሰው ነውና አትቁሙ፤ ዝቅ ብላችሁ ተቀመጡ። የማይቀዝፍ ሰው እጁን ከውሃም ከብረትም ያርቅ። ዘንግ ቀጥ አድርጋችሁ አትያዙ። ውሃ ውስጥ መዝለል አያድንም፤ ኤሌክትሪኩ በውሃው ላይ ይሰራጫል። የሕይወት አድን ጃኬታችሁን አታውልቁ።

ዳርቻ መድረስ ብቻውን ግን መጠለያ አይደለም። እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2024 በሰሜን ኡጋንዳ ፓላቤክ የስደተኞች ሰፈር፣ ለጸሎት በተሰበሰቡበት መብረቅ 14 ሰዎችን ገድሏል። ከዛፍ ሥርና ከድንኳን ራቁ፤ የሚሻለው በሩና መስኮቱ የተዘጋ መኪና ወይም የኤሌክትሪክና የውሃ መስመር የተዘረጋለት ጠንካራ ሕንፃ ነው።

መብረቅ የመታውን ሰው መንካት ያስይዛል ይባላል። ውሸት ነው፤ ሰውነቱ ውስጥ ኤሌክትሪክ አይቀርም። ትንፋሹ ከቆመ ወዲያው የደረቱን መሃል በሁለት እጃችሁ በኃይል፣ በደቂቃ ከ100 እስከ 120 ጊዜ ተጫኑ። ሰውን ፈርቶ መተው ነው የሚገድለው።