ኤሲው የማይሠራ አሮጌ መኪና ላላችሁ የሮቤና የጎባ ሰዎች

«ለብርድ አገር ኤሲ ምን ያደርግልኛል? ፈትተህ አውጣው» የሚሉኝ ደንበኞች ብዙ ናቸው። ሮቤ ከ2,400 ሜትር፣ ሳነቲ ከ4,000 ሜትር በላይ ነውና እውነት አላቸው። በጎሮ በኩል ወደ ሶፍ ዑመር ቆላ አዘውትሮ የሚወርድ ግን ቢያስጠግነው ይሻለዋል።

ለማስፈታት ከወሰናችሁ መጀመሪያ የኤሲው ጋዝ በማሽን ይመጠጥ። ቱቦውን በመፍቻ ከፍቶ መልቀቅ ነውር ነው። ሲተን እጅና ዓይን ይጎዳል፤ አር134ኤ የሚባለው ደግሞ ከካርቦን ዳይኦክሳይድ ከ1,000 እጥፍ በላይ ምድርን ያሞቃል።

ከዚያ ቺንጋውን እዩ። ኮምፕሬሰሩ የራሱ ቺንጋ ካለው እሱን አውጥቶ የኮምፕሬሰሩን ሽቦ ነቅሎ በቴፕ መሸፈን ይበቃል። አንዱ ቺንጋ ዲናሞውንና የውሃ ፓምፑን አብሮ የሚያዞር ከሆነ ግን በኮምፕሬሰሩ ቦታ ባዶ ፑሌጃ ወይም ልኩ የሆነ አጭር ቺንጋ ይገባል። ኩሽኔታው የሚጮህ ኮምፕሬሰር ካላችሁ አታቆዩት። ከነከሰ ቺንጋውን ይበጥሳል፤ የውሃ ፓምፑ ይቆማል፤ የሳነቲን ዳገት እየወጣችሁ ሞተሩ ይግላል።

ከራዲያተሩ ፊት ያለው ኮንደንሰር ቢነሳ አየር በደንብ ያልፋል። ቬንቲላተሩ ግን አይነካ፤ በብዙ መኪና ራዲያተሩንም የሚያቀዘቅዘው እሱ ነው።

ከዳሽቦርዱ ሥር ያለውን ሳጥን ተዉት፤ ማሞቂያው እዚያው ነው። ኤሲ የመስታወትን ጉም ያደርቅ ነበር፤ ከወጣ በኋላ በክረምት ያላችሁ ማሞቂያው ብቻ ነው። እባካችሁ፣ ከማስፈታታችሁ በፊት ማሞቂያው መሥራቱን በፊታችሁ አስፈትሹ።