ተምች ሁሉ አንድ አይደለም

አማርኛችን ሁለቱን ለይቶ የጠራቸው ከጥንት ነው። ቀን ከአበባ ወደ አበባ የምትዞረውን ቢራቢሮ አላት፤ ሌሊት ኩራዝ ላይ ወድቃ የምትቃጠለውን የእሳት እራት። የነፍሳት ተመራማሪዎች ግን የሁለቱም ክንፍ በደቃቅ ቅርፊት የተሸፈነ ስለሆነ በአንድ ወገን ይመድቧቸዋል። ስም ከወጣላቸው 160,000 ያህል ዝርያዎች ውስጥ ቢራቢሮዎቹ ከአሥር አንድ ያህል ቢሆኑ ነው፤ የቀረው ሁሉ የእሳት እራት ነው። ገበሬውን የሚያስለቅሰው ተምችም የዚሁ ወገን እጭ ነው።

በሀገር ቤት ከድሮ ጀምሮ የሚታወቀው ተምች ዝናብ ተከትሎ በመንጋ ይፈላል፤ ጤፉንም በቆሎውንም የግጦሹንም ሣር ጠራርጎ ይጠፋል። እ.ኤ.አ. በ2017 መጀመሪያ በሸካ ዞን በየኪ ወረዳ በቆሎ ላይ የተገኘው ትል ግን ሌላ ነበር። ትውልዱ አሜሪካ ነው። በ2016 ምዕራብ አፍሪካ መግባቱ ታወቀ፤ በዓመቱ ኢትዮጵያ ደረሰና «የአሜሪካ መጤ ተምች» ተባለ። በ1797 ሳይንሳዊ ስም ያወጣለት እንግሊዛዊው ጄምስ ኤድዋርድ ስሚዝ ሲሆን፣ መነሻው ጆን አቦት የተባለ ሠዓሊ ጆርጂያ ውስጥ ተቀምጦ የሠራቸው ሥዕሎች ነበሩ። ዛሬም በየዓመቱ ከፍሎሪዳና ከቴክሳስ ደቡብ እየተነሣ ወደ ሰሜን ይበራል። አትላንታ በሚኖር ወገናችን የበረንዳ መብራት ላይ የሚዞረው ምናልባት እሱ ይሆናል።

ልዩነቱ የምሁራን ጨዋታ አይደለም። ነባሩ ተምች ቅጠል ላይ በግላጭ ስለሚበላ መድኃኒት ይደርስበታል። መጤው ግን ገና ባልተዘረጋው የበቆሎ ቅጠል መሃል ሰርጎ ይገባል፤ ኩሱንም እንደ ውታፍ ስለሚደፍንበት ዘግይቶ የተረጨ መድኃኒት አያገኘውም። ነባሩ መጥቶ ይሄዳል፤ ይህኛው በቆሎ እስካገኘ ድረስ ዓመቱን ሙሉ ይራባል። በ2017 ክረምት ብዙ ገበሬዎች ከነቤተሰባቸው ትሉን በእጃቸው ሲለቅሙ ከረሙ።

መለያው ፊደል ለቆጠረ ሰው አይከብድም። ግንባሩ ላይ ነጣ ያለ መስመር አለው፤ ፈረንጆቹ የተገለበጠ ዋይ ይሉታል፣ ለእኛ ግን «ለ» ፊደል ይቀርበናል። ወደ ጅራቱ ገደማ ደግሞ አራት ጥቁር ነጥቦች አራት ማዕዘን ሠርተው ይታያሉ። ከሀገር ቤት «በቆሎውን ተምች ፈጀው» የሚል ስልክ የመጣለት ሰው፣ የመድኃኒት ገንዘብ ከመላኩ በፊት እነዚያን ነጥቦች እንዲያዩለት ይንገራቸው። መጤው ከሆነ ትሉ ገና ትንሽ ሳለ፣ ቅጠሉ ውስጥ ሳይመሽግ መድረስ ያስፈልጋል።