ብረቱ አሮጌ፣ ሽቦው አዲስ ይሁን

ኅዳር ተጋምሶ በቆሎው መድረቅ ሲጀምር የፍኖተ ሰላም አውቶ ኤሌክትሪሺያን ሥራው ይለወጣል። በክረምት የሚመጣብን በአብዛኛው የደከመ ባትሪና ውሃ የገባበት ዲናሞ ነው። ከኅዳር እስከ ጥር ግን ጋራዡ በር ላይ የሚቆመው ባለ ሁለት ጎማ የበቆሎ መፈልፈያ ነው። አንዳንዴ ጄኔሬተር፣ አንዳንዴ የውሃ ታንከር፣ አንዳንዴም የሰፈር በያጅ ከአሮጌ መኪና የኋላ አክስል የሠራት ትንሽ ተሳቢ ትመጣለች። ባለቤቱ በማዳበሪያ ከረጢት የጠቀለለውን ከባድ ነገር ከፒካፑ ላይ ያወርዳል። ሌላ መኪና ላይ ዕድሜውን የቆጠረ፣ አዲስ አበባ ሶማሌ ተራ የተገዛ የመጎተቻ ብረት ነው።

«ብረቱን አጥብቀህ እሰርልኝ፤ መብራቷን እንደምንም አያይዛት» ይላል።

እኔ ብሆን ትእዛዙን ገልብጬ ነበር የምሰጠው። ብረት ጉዳቱን አይደብቅም። ስንጥቁ፣ ዝገቱ፣ መጣመሙ በሽቦ ብሩሽ ከተፈገፈገ በኋላ በዓይን ይታያል። ያገለገለ ሽቦ ግን ላስቲኩ እያብረቀረቀ ውስጡ አረንጓዴ ዱቄት ሆኖ ይገኛል። ስለዚህ ደንበኞቼን ብረቱን አሮጌ፣ ሽቦውን አዲስ ግዙ እላለሁ። እነሱ ደግሞ በተቃራኒው ነው የሚያደርጉት፤ ብረቱ አዲስ እንዲመስል ቀለም ይቀባሉ፣ ሽቦውን ከወዳደቀ መኪና ቆርጠው ያመጣሉ።

ያገለገለ ብረት መግዛታቸውን አልነቅፍም። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ የአሮጌ መኪናን ዋጋ ምን ያህል እንዳናረው ሁሉም ያውቃል። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ተከለከለ። ያለንን መኪና ጠግነን ከመያዝ ሌላ መንገድ የለም። መንገድ በሚዘጋበት ሰሞን ዕቃው ዓባይን ተሻግሮ እኛ ዘንድ መድረሱ ራሱ ዕድል ነው።

ብረቱን ስቀበል መጀመሪያ የምፈልገው የተለጠፈበትን ወይም የተመታበትን ምልክት ነው። የአውሮፓ ሥራ ከሆነ «ዲ» የሚል ፊደልና በኪሎኒውተን የተጻፈ ቁጥር ይኖረዋል፤ ከጎኑ ኳሱ ላይ ወደ ታች ሊያርፍ የሚችለው ክብደት በኪሎ ይጻፋል። የዲ ስሌቱ ቀላል ነው። የጎታቹና የተጎታቹ ክብደት በቶን ይባዛል፣ ለድምራቸው ይካፈላል፣ በ9.81 ይባዛል። ከነጭነቱ 2.8 ቶን የሚሆን ፒካፕ 1.2 ቶን መፈልፈያ ቢጎትት 8.2 ኪሎኒውተን ገደማ ይመጣል። ምልክቱ ላይ 6 ከተጻፈ ብረቱ ለሌላ ሰው ነው የተሠራው። ምልክት የሌለው ከሆነስ? ያኔ ውፍረቱን አያለሁ፣ ቀዳዳዎቹ ሞላላ ሆነው እንደሆነ አያለሁ፤ ከተጠራጠርኩ አልገጥምም።

ኳሱን በካሊፐር እለካዋለሁ። አዲሱ 50 ሚሊ ሜትር ነው። እየተፋጨ ወደ 49 ከወረደ ይጣላል፣ ምክንያቱም የተሳቢው አፍ ጉድጓድ ሲገጥመው ሊዘል ይችላል። ከአሜሪካ የመጣ ከሆነ 2 ኢንች፣ ማለትም 50.8 ሚሊ ሜትር ይሆናል። ከአንድ ሚሊ ሜትር በታች የሆነው ይህ ልዩነት ለዓይን አይታይም፤ የ50 አፍ ግን 50.8 ኳስ ላይ ይጣበቃል፣ እንደልብ አይዞርም።

ሃይሉክስ፣ ላንድክሩዘርና የመሳሰሉት ሻንሲ ስላላቸው ለዚህ ሥራ ምቹ ናቸው። የመጎተቻው ብረት በፋብሪካው ቀዳዳ በብሎን ይታሰራል። ብሎኑ ራሱ ላይ 8.8 ወይም 10.9 የሚል ቁጥር ሊኖረው ይገባል፤ ቁጥር የሌለውን የበር ማጠፊያ ይሠሩበት። ሻንሲ ላይ በብየዳ ይለጠፍ የሚሉኝን ግን እምቢ እላለሁ። ብየዳው ራሱ ላይበጠስ ይችላል፤ ችግሩ ከብየዳው ጠርዝ አጠገብ ሙቀት የነካው ብረት ባሕርይው ተለውጦ መሰንጠቅ የሚጀምረው እዚያ መሆኑ ነው። ከቡሬ ወደ ሽንዲ በሚወስደው ዓይነት መንገድ ላይ ስንጥቅ ለማደግ ብዙ ወራት አያስፈልገውም። ቪትዝ ይዞ መጎተቻ ግጠምልኝ የሚል ደንበኛም አለ። ሻንሲ የላትም፣ ብረቱን የሚይዘው የቦዲዋ ላሜራ ብቻ ነው፤ ሻይ ጋብዤ እሸኘዋለሁ።

እንግዲህ ወደ ሽቦው።

ከተሳቢ ጋር የሚገናኘው ስፒና ሰባት እግር አለው። በ12 ቮልት መኪና በተለመደው ዓለም አቀፍ አደረጃጀት 1 ቁጥር የግራ ፍሬቻ ነው፣ ሽቦው ቢጫ። 2 ቁጥር ሰማያዊ፣ ለኋላ የጭጋግ መብራት። 3 ቁጥር ነጭ፣ ኔጋቲቭ። 4 አረንጓዴ፣ የቀኝ ፍሬቻ። 5 ቡናማ፣ የቀኝ የኋላ መብራት። 6 ቀይ፣ የፍሬን መብራት። 7 ጥቁር፣ የግራ የኋላ መብራት። በ24 ቮልት የከባድ መኪና ስፒና ግን የቁጥሩ ቦታ ሌላ ነው፦ 1 ቁጥር ኔጋቲቭ፣ 2 የግራ የኋላ መብራት፣ 3 የግራ ፍሬቻ፣ 4 ፍሬን። የአንዱን ሰንጠረዥ ይዞ ሌላውን የሠራ ሰው የግራ ፍሬቻ ባበራ ቁጥር ፖዘቲቩን ቀጥታ ወደ ኔጋቲቭ ይልከዋል፤ ፊውዙ ይቃጠላል። እዚህ አካባቢ ፊውዝ ተቃጠለ ሲባል የሚቀጥለው እርምጃ ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ፤ የሲጋራ ወረቀት፣ ካልሆነም የሽቦ ቁራጭ። ከዚያ የሚቃጠለው ሽቦው ራሱ ነው።

የእኛን አገር መፈልፈያ ከፈረንጅ አገር ተሳቢ የሚለየው ጌታ የሌለው መሆኑ ነው። ዛሬ ጂጋ አጠገብ በትራክተር ይጎተታል፣ ነገ ማንኩሳ ላይ ያለ ገበሬ በኪራይ ይወስደውና አይሱዙ ኤን.ፒ.አር. ኋላ ይታሰራል፣ ከነገ ወዲያ ሃይሉክስ። ትራክተሩና ሃይሉክሱ 12 ቮልት ናቸው፣ አይሱዙው 24። የ12 ቮልት አምፖል 24 ቮልት ላይ ሲሰካ ብልጭ ብሎ ያልቃል። የ24 አምፖል 12 ላይ ሲሰካ ደግሞ ይበራል፤ የሚያታልለውም ይሄ ነው። አምፖል ቮልቴጁ ሲቀንስ ብርሃኑ ከዚያ በጣም በፈጠነ መጠን ይቀንሳል፤ ቮልቴጁ በግማሽ ሲወርድ የሚቀረው ብርሃን ከአሥር አንድ እጅ ገደማ ነው። ጋራዥ ውስጥ ጨለማ ላይ ቆሞ ላየው ቀይ ነገር ይታየዋል፣ «ሠርቷል» ይላል። አስፋልት ላይ በ80 የሚመጣ ሾፌር ግን አያየውም። ስለዚህ ለኪራይ የሚዞር መፈልፈያ ከ10 እስከ 30 ቮልት የሚቀበል የኤል.ኢ.ዲ. መብራት ቢደረግለት ይሻላል። ዋጋው ከፍ ይላል፣ የአምፖል ጣጣ ግን ይቀራል።

ከሁሉ በላይ ሰው የሚያደክመኝ ነጩ ሽቦ ላይ ነው። «ብረት ከብረት ጋር ተያይዞ የለም እንዴ? ኔጋቲቩ በኳሱ ይሄዳል፤ ለምን ሌላ ሽቦ ታስገዛኛለህ?» ይሉኛል። በኳሱ ይሄዳል፣ እውነት ነው፤ ኳሱ ደረቅና ንጹሕ በሆነበት ቀን። ግን ኳስ ግራሶ ይቀባል፣ አቧራ ይይዛል፣ ጉድጓድ ላይ ሲዘል ለቅጽበት ይላቀቃል። ያኔ ኤሌክትሪኩ አይቆምም፣ ሌላ መመለሻ ይፈልጋል።

አንድ አምፖል ውስጥ ሁለት ጅማት አለ፤ 21 ዋት የፍሬን፣ 5 ዋት የኋላ መብራት። ሁለቱም በአንድ ኔጋቲቭ ነው የሚመለሱት። ያ ኔጋቲቭ ሲቋረጥ፣ ፍሬን ሲረገጥ የመጣው ኤሌክትሪክ በ21ዱ ገብቶ በ5ቱ ጅማት ወደ ኋላ ይወጣል፣ በኋላ መብራት ሽቦ ተመልሶ ወደ መኪናው ይሄዳል፣ በመኪናው የኋላ አምፖሎች አልፎ ኔጋቲቩን ያገኛል። ውጤቱ አስቂኝ የሚመስል ነገር ነው። ፍሬን ሲያዝ የመኪናው የኋላ መብራት ፈዘዝ ብሎ ይበራል፣ ፍሬቻ ሲበራ ሁሉም መብራት አብሮ ይጠቅሳል፣ መብራትና ፍሬን አንድ ላይ ሲሆኑ ተሳቢው ጨርሶ ይጨልማል። እንዲህ ያለ መኪና ሲመጣ ብዙ ባለሙያ ፍሬቻውን ፈትቶ፣ ፍላሸሩን ለውጦ፣ ማብሪያውን አውጥቶ ሲለፋ ይውላል። መብራቶች እርስ በርስ ከተደበላለቁ እጄን ፖዘቲቭ ላይ ከማሳረፌ በፊት ወደ ነጩ ሽቦ ነው የምሄደው። መብራቶቹን ሁሉ አብርቼ የቴስተሩን አንድ ጫፍ ባትሪው ኔጋቲቭ ላይ፣ ሌላውን ጫፍ ተሳቢው ብረት ላይ አደርጋለሁ። ግማሽ ቮልት ካለፈ መመለሻው ታሟል።

የሽቦው ውፍረት ሌላው ነው። ፍሬን ሲረገጥ ሁለት 21 ዋት አምፖሎች በ12 ቮልት 3.5 አምፔር ይስባሉ። ሰዎች ከሬዲዮ የሚያወጡት ባለ 0.5 ካሬ ሚሊ ሜትር መዳብ 8 ሜትር ርዝመት ላይ 0.28 ኦም አለው፤ ሲሄድ ወደ 1 ቮልት፣ ሲመለስም ሌላ 1 ቮልት ይበላል። አምፖሉ ጋ 10 ቮልት ይደርሳል፣ ብርሃኑ ወደ ግማሽ ይጠጋል። 1.5 ካሬ ሚሊ ሜትር ቢሆን ኪሳራው አንድ ሦስተኛ ብቻ ነበር። ለነጩ ሽቦማ፣ የሁሉንም መብራት ኤሌክትሪክ ብቻውን ስለሚመልስ፣ ከዚያም ወፍራም እገዛለሁ። ጠምዝዞ በናስትሮ የተጠቀለለ መገጣጠሚያ የመጀመሪያውን የሰኔ ዝናብ አይሻገርም፤ ውሃው በላስቲኩ ውስጥ እየተሳበ ሜትር አልፎ ይገኛል።

አዳዲሶቹ ፒካፖች ላይ ከኋላ መብራቱ ቆንጥሮ ሽቦ መውሰድ ክልክል ነው እላለሁ። መብራቱን የሚቆጣጠረው ኮምፒውተር ትርፍ ጭነት ሲያይ መብራቱን ሊያጠፋው ይችላል፣ ሲብስም ራሱ ይጎዳል። በሪሌይ ነው የሚሠራው፤ የመኪናው ሽቦ ትእዛዝ ብቻ ይሰጣል፣ ጉልበቱ ግን ከባትሪው በራሱ ፊውዝ ይመጣል።

ከባድ መኪና ሾፌሮችን በዚህ አደንቃቸዋለሁ። ከአዲስ አበባ ተነስተው ጎሐ ጽዮን ላይ ወደ ዓባይ ሸለቆ ከመውረዳቸው በፊት ረዳቱ ወርዶ ኋላ ይቆማል፤ ሾፌሩ ፍሬን ይረግጣል፣ ቀኝ ያሳያል፣ ግራ ያሳያል፣ ረዳቱ ጣራ ይመታል። ተሳቢውም የራሱ ሰሌዳ አለው፣ ዓመታዊ ምርመራ ሲመጣ ይታያል። ፒካፕ ኋላ የታሰረ መፈልፈያ ረዳት የለውም። ሰሌዳ የለውም። ቦሎ የሚለጥፍለት መርማሪም ሲያየው አላየሁም። ቀን አውድማ ላይ ውሎ ማታ 12 ሰዓት ካለፈ በኋላ ነው ወደሚቀጥለው ቀበሌ የሚጓጓዘው፤ ጋሪው፣ ባጃጁና ከገበያ የሚመለሰው ሰው አስፋልቱን በሞሉበት ሰዓት።

አንድ ሽማግሌ ደንበኛ ባለፈው መኸር የሽቦውን ዋጋ ሲሰሙ ተቆጡ። «እኔ ወደ ፊት ነው የምነዳ፤ ኋላዬ ምን አገባኝ?» አሉ።

«አያ፣ ኋላ ያለው መጥቶ ሲገባብዎት የሚቆመው እርስዎ ላይ ነው» አልኳቸው። ሳቁና ግማሹን ከፈሉ፤ ቀሪው በቆሎው ሲሸጥ ነው።

በዚህም በዚያም የማይከፍል አይጠፋም፤ በተለይ ትራክተር። የኋላ መብራቱ ከተሰበረ ዓመት አልፎታል፣ ሶኬቱ አፈር ሞልቶታል፣ ባለቤቱ ለተሳቢው ሽቦ አንድ ብር አያወጣም። እንዲህ ላለው ሁለት ቀይ ባለ ሦስት ማዕዘን አንጸባራቂ ከተሳቢው ጀርባ፣ አንዱን ከግራ ጠርዝ፣ አንዱን ከቀኝ ጠርዝ፣ ጫፋቸውን ወደ ላይ አድርጌ በብሎን አስራለሁ። በብዙ አገር ደንብ ባለ ሦስት ማዕዘኑ ለተሳቢ ብቻ የተተወ ነው፤ ያየው ሾፌር ከፊቱ ተጎታች ነገር እንዳለ በዚያ ያውቃል። ባትሪ አይፈልግም፣ ኔጋቲቭ አይፈልግም፣ 12 ይሁን 24 አይጠይቅም። ጭቃው ብቻ በጨርቅ ይጠረግለት፤ ጨርቁንም መሪው ሥር አስሬ እሰጣለሁ።