የሠፈር ልጆችን የማስጠናት ጥያቄ

ባለፉት ወራት በቅርንጫፋችን የጥናት ክበብ ውስጥ አንድ ጥያቄ ተነሥቶ ሳይቋጭ ቆይቷል። ከምንማርበት ኮሌጅ አጥር ማዶ ያለውን ሠፈር ልጆች፣ የጥቁር አሜሪካውያኑንም፣ የስደተኛውንም፣ በተለይም እንደኛው ከአገር የወጡትን ወገኖቻችንን ልጆች፣ በየሳምንቱ እየተገኘን እናስጠናቸው? እንደ ታላቅ ወንድምና እንደ ታላቅ እህት አብረናቸው እንዋል? ወይስ ይህ የበጎ አድራጊ ወይዛዝርት ሥራ ነውና ለእነሱ እንተወው?

ሁለት ጎራ ተፈጥሯል። አንደኛው ወገን ማስጠናት ምጽዋት ነው ይላል። ድሀውን ድሀ ያደረገውን ሥርዓት አይነካም፤ ጥቂቶቹን መንጥቆ የቀሩትን እዚያው ይተዋል፤ ለንኡስ ከበርቴው ተማሪ ደግሞ በሳምንት ሁለት ሰዓት የኅሊና ዕረፍት ይሰጠዋል። ሁለተኛው ወገን፣ ሥርዓቱ እስኪለወጥ ድረስ ልጁ ክፍልፋይ አታውቅም እየተባለ ከክፍል ክፍል ሲወድቅ እጃችንን አጣጥፈን እንይ ወይ ሲል ይመልሳል። በበኩሌ ሁለቱም ወገኖች ከየጭንቅላታቸው እንጂ ከተጨባጩ ሁኔታ አልተነሡም እላለሁ። ጥያቄው አዲስ አይደለም። እኛ በተቀመጥንበት በዚሁ አገር ውስጥ በተግባር ተፈትኗል፤ ውጤቱም ይታወቃል። (ዘመኖቹ፣ የአገራችንን ጉዳይ በምንጠቅስበት ቦታ ካልሆነ በቀር፣ በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።)

በ1961 የዬል ዩኒቨርሲቲ ተማሪ የነበረው ፒተር ካውንትሪማን የሰሜን ተማሪዎች ንቅናቄ የተባለውን ድርጅት መሠረተ። የመጀመሪያ ዓላማው በደቡብ ክፍለ አገሮች ለሚካሄደው የጥቁሮች ትግል ገንዘብና መጽሐፍ ማሰባሰብ ነበር። ብዙ ሳይቆይ ግን፣ ደቡብ ድረስ ምን አስኬደን፣ እዚሁ ደጃችን ያለውስ? የሚለው ጥያቄ መጣ። በ1962 በፊላዴልፊያ የማስጠናት ሥራ ተጀመረ፤ ወደ ሃርለምና ወደ ሌሎች ከተሞችም ተዛመተ። በ1963 ከ2,000 በላይ የኮሌጅ ተማሪዎች ከ3,000 በላይ ልጆችን ያስጠኑ ነበር።

አስጠኚው ልጁን ተከትሎ ቤት ሲገባ ግን የልጁ ችግር መደመርና መቀነስ ብቻ እንዳልሆነ ማየቱ አልቀረም። ክረምት ማሞቂያ የሌለው አፓርታማ፣ የተጨናነቀ ክፍል፣ ያረጀ መጽሐፍ፣ ሥራ ያጣ አባት። በዚህም የተነሣ ንቅናቄው ከ1963 በኋላ በዊሊያም ስትሪክላንድ መሪነት ከማስጠናት ወደ ሠፈር ማደራጀት አዘነበለ። ይህን ሲሰሙ የመጀመሪያው ጎራ ጓዶች «አላልንም?» ይሉ ይሆናል። ነገር ግን እነዚያ ተማሪዎች የአከራዩን ስም ያወቁት ከየት ነው? በር ተከፍቶላቸው የገቡት በማን ነው? በልጁ አይደለምን? መጀመሪያ አብሮ ቁጭ ብሎ ያላነበበ ሰው ሠፈር ውስጥ በራሪ ጽሑፍ ይዞ ቢመጣ ማን ያነብለታል? በሌላ በኩል ደግሞ፣ ማስጠናቱ ሲቀር ረቡዕ ረቡዕ ደጅ ላይ ይጠብቅ የነበረው ልጅ ምን እንደሆነ በንቅናቄዎች ታሪክ ውስጥ ብዙ ጊዜ አይጻፍም። ይህን ነጥብ ወደ ኋላ እመለስበታለሁ።

ከዚህ ይልቅ ሰፋ አድርገን ልናጠናው የሚገባው የሚሲሲፒው ተሞክሮ ነው። በዲሴምበር 1963 የስኒክ፣ ማለትም የተማሪዎች ሰላማዊ ትግል አስተባባሪ ኮሚቴ፣ አባል የነበረው ወጣቱ ቻርልስ ኮብ በሚቀጥለው በጋ የነጻነት ትምህርት ቤቶች እንዲከፈቱ ሐሳብ አቀረበ። የሚሲሲፒ መንግሥት ለጥቁሩ ልጅ ትምህርት የሚያወጣው ለነጩ ከሚያወጣው ሩብ ያህሉን ብቻ ነበር። ኮብ ያለው ግን ገንዘቡ ብቻ ነው የጎደለው አይደለም፤ ልጁ መጠየቅ ተከልክሏል ነው ያለው። ከሰሜን የመጡ የኮሌጅ ተማሪዎች በኦሃዮ ሥልጠና ወስደው ወረዱ። የሥራው ኃላፊ ስቶተን ሊንድ የተባለው የታሪክ መምህር ነበር። ወደ 1,000 ልጅ ይመጣል ተብሎ ሲታሰብ ከ2,000 በላይ መጣ፤ ከ40 በላይ ትምህርት ቤቶችም በየቤተ ክርስቲያኑ፣ በየበረንዳውና በየዛፉ ጥላ ተከፈቱ።

ሥራው የቀልድ እንዳልነበረ ጓዶች እንዲያስታውሱ ያስፈልጋል። ማውንት ዛየን የተባለው ቤተ ክርስቲያን የነጻነት ትምህርት ቤት ሊከፈትበት ታስቦ ነበርና ጁን 16 ቀን 1964 ተቃጠለ። ቃጠሎውን ሊያጣሩ ከሄዱት መካከል ጄምስ ቼኒ፣ ማይክል ሽወርነርና አንድሩ ጉድማን ጁን 21 ቀን ተገደሉ። ጉድማን የኩዊንስ ኮሌጅ ተማሪ ነበር፤ ዕድሜው 20 ዓመት።

ትምህርቱስ ምን ነበር? ንባብና ሒሳብ ነበረበት፤ የጥቁሮች ታሪክ ነበረበት፤ መተየብና ፈረንሳይኛ የተማሩም ነበሩ። ከሁሉ በላይ ግን የማስተማሪያው ጽሑፍ በጥያቄ የተሞላ ነበር። ነጮቹ ካላቸው ነገር ውስጥ እኛ የምንፈልገው ምንድን ነው? የማንፈልገውስ? ከራሳችን ይዘን መቆየት የምንሻው ምኑን ነው? መልሱ መምህሩ ዘንድ ያለ ጥያቄ አይደለም። ከትልቅ ኮሌጅ የመጣው የ20 ዓመት ወጣት በጥጥ እርሻ ከምትሠራ የ14 ዓመት ልጅ የበለጠ የሚያውቅበት ጥያቄ አይደለም። በማኮም ከተማ የንቅናቄው ቤት በቦምብ ከተመታ በኋላ ትምህርቱ ሜዳ ላይ፣ ሣር ላይ ቀጠለ፤ አንዲት ተማሪ ስለዚህ የጻፈችው ግጥም ፈርተው የነበሩትን ትልልቅ ሰዎች አነቃነቀና የመማሪያ ቦታ ተገኘ። ማን ማንን አነቃ? በኦገስት ወር ደግሞ የየትምህርት ቤቱ ልጆች ወኪሎቻቸውን ወደ ሜሪዲያን ልከው ስለ መኖሪያ ቤት፣ ስለ ሥራ፣ ስለ ጤናና ስለ ትምህርት የራሳቸውን የፖለቲካ ፕሮግራም አጸደቁ። ፕሮግራሙን አስጠኚዎቹ አልጻፉላቸውም። ከአስጠኚዎቹ አንዱ፣ በማኮም ያስተማረው ማሪዮ ሳቪዮ፣ በዚያው ዓመት መጸው ወደ በርክሌይ ተመልሶ የተማሪዎች የመናገር ነጻነት ንቅናቄ ግንባር ቀደም ሆነ። ከልጆቹ ያልተማረ ነበር ማለት አይቻልም።

ጉድለቱም መነገር አለበት። የሰሜኖቹ ተማሪዎች በእንግሊዝኛቸውና በጽሕፈት ችሎታቸው የተነሣ ብዙውን ሥራ ከአካባቢው ሰው እጅ እየወሰዱ መሥራታቸው በድርጅቱ ውስጥ ቅሬታ አስነሥቷል። በጋው ሲያልቅም አብዛኞቹ ወደየኮሌጃቸው ተመለሱ።

እንግዲህ ወደዚያ ረቡዕ ይጠብቅ ወደነበረው ልጅ እንመለስ። በማሳቹሴትስ፣ በካምብሪጅና በሶመርቪል ከተሞች፣ ሪቻርድ ካቦት የተባለ የሃርቫርድ ሐኪም ያቀደው ሥራ ከ1939 እስከ 1945 ተካሂዷል። 506 ወንዶች ልጆች ሁለት ላይ ተከፍለው ግማሾቹ አማካሪ ተመደበላቸው። አማካሪው ቤታቸው ይመጣል፣ ያስጠናል፣ ያሳክማል፣ ሽርሽር ይወስዳል። ጆአን ማኮርድ የተባለችው ተመራማሪ ከ30 ዓመት በኋላ ሰዎቹን ፈልጋ አገኘቻቸው። ከሦስቱ ሁለቱ ያህል «ረድቶናል» አሉ። መዝገቡ ሲመረመር ግን የተረዱት ካልተረዱት የከፋ ሆኖ ተገኘ፤ መጠጥ፣ ሕመም፣ ተደጋጋሚ ወንጀል። ውጤቱ በ1978 ታተመ። በ1999 የወጣ ጥናት ጉዳቱ የበረታው በበጋ ካምፕ ደጋግመው በተላኩት ላይ እንደሆነ ስላሳየ፣ ጥፋቱ ሁሉ የአማካሪዎቹ ነው ማለት አይቻልም። ቢሆንም «ረዳሁ» የሚለው የረጂው ስሜት፣ «ተረዳሁ» የሚለው የተረጂውም ቃል፣ ማስረጃ እንዳልሆነ ከዚህ የበለጠ የሚያሳይ የለም።

ተቃራኒ ማስረጃም አለ። ቢግ ብራዘርስ ቢግ ሲስተርስ በተባለው ድርጅት 8 ቅርንጫፎች ከ950 በላይ ልጆች በዕጣ ተከፍለው የተጠኑበት ሥራ በ1995 ታትሟል። ታላቅ ወንድም ወይም እህት ያገኙት፣ ካላገኙት ይልቅ አደንዛዥ ዕፅ የመጀመራቸው ነገር በ46 በመቶ ያነሰ ሆነ፤ ከትምህርት መቅረታቸውም በግማሽ ገደማ ቀነሰ። በ2002 ያንኑ መዝገብ እንደገና የመረመረ ጥናት ግን ለኛ የሚበጀውን አወጣ። ግንኙነቱ ዓመት ከሞላ ልጁ በብዙ መንገድ ይጠቀማል፤ ሦስት ወር ሳይሞላው ከተቋረጠ ልጁ ለራሱ ያለው ግምት ከበፊቱ ዝቅ ይላል። ጓዶች፣ የዚህ አገር ሰሜስተር አራት ወር አይሞላም። ፈተናና ዕረፍት ሲቀነስ ስንት ሳምንት እንደሚቀር እያንዳንዱ ያስላው።

የራሳችንን ታሪክ መዝለል አንችልም። ከ1964 (በአውሮፓ አቈጣጠር) ጀምሮ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ለአንድ ዓመት ወደ ጠቅላይ ግዛት ወጥቶ እንዲያገለግል ግዴታ ሆኖ ነበር፤ አብዛኞቹም መምህር ሆነው ሠርተዋል። በ1967 ዓ.ም. (በኛው አቈጣጠር) ደግሞ ወታደራዊው መንግሥት ወደ 60,000 የሚጠጉ ተማሪዎችንና መምህራንን በዕድገት በኅብረት ዘመቻ ወደ ገጠር አሰማራ። ከሁለቱም ብዙ የተማረ ወጣት አለ፤ ይህን የሚክድ የለም። የጋራ ባሕርያቸው ግን በትእዛዝ መሆናቸው ነው። ዘማቹ «አንቂ» ተብሎ ተላከ፤ ገበሬውና የገበሬው ልጅ «የሚነቃ» ተባለ። በኛ ትውልድ አነጋገር ውስጥ ይህ ቃል እስከ ዛሬ አልጠፋም፤ በጥናት ክበባችንም «ልጆቹን እናነቃለን» ሲባል ሰምቻለሁ። የአሥር ዓመት ልጅ የካድሬ መመልመያ አይደለም። ወላጅ ልጁን ፊደል እንዲቆጥር ሰጥቶን እኛ መፈክር ብናስይዘው ሌብነት ነው።

ለመሆኑ የኛዎቹ ልጆች በምን ሁኔታ ይኖራሉ? አባት ሌሊቱን የመኪና ማቆሚያ ይጠብቃል ወይም ታክሲ ይነዳል፤ እናት በአረጋውያን መጦሪያ ትሠራለች። በመካከሉ እንግሊዝኛ የሚችለው ልጁ ነው። የአከራዩን ደብዳቤ የሚያነበው እሱ ነው፤ እናቱን ሐኪም ዘንድ ወስዶ የሚያስተረጉመው እሱ ነው፤ ለልጅ ጆሮ የማይገባ ነገር ሁሉ በእሱ ጆሮ ያልፋል። መምህርቷ «የቤት ሥራ አይሠራም» ብላ ትጽፋለች፤ ያንንም ደብዳቤ ለወላጆቹ ተርጉሞ የሚያነበው ራሱ ነው። (ትርጉሙ ምን ያህል ታማኝ እንደሚሆን አንባቢ ይገምት።) አንዲት እናት «ልጄ፣ በአማርኛ አታናግረው፣ እንግሊዝኛው ይበላሽበታል» ብለው ለምነውኛል። እኔ ግን «ይህን ደብዳቤ ለእማማ በአማርኛ እንዴት አልካቸው?» ብዬ ስጠይቀው ነው ልጁ መጀመሪያ ቀና ብሎ ያየኝ። ሁለት ቋንቋ እያመዛዘነ የኪራይ ውል የሚተረጉም ልጅ ደካማ አይደለም። ያን ቀን ክፍልፋዩን ከዚያው ውል ጀመርነው፤ የኪራዩ ስንት እጅ ለመብራት እንደሚሄድ።

ስለዚህ ሥራው ይጀመር የሚለውን እደግፋለሁ፤ ነገር ግን እንዲሁ አይደለም። አንድ አስጠኚ ለአንድ ልጅ፣ ቢያንስ ዓመት ሙሉ፤ ይህን የማይችል ጓድ ወንበር ያስተካክል፣ ሻይ ያፍላ፣ ልጅ ግን አይያዝ። ወላጆች የራሳቸውን ኮሚቴ ይምረጡ፤ የምድር ቤቱ ቁልፍ በእነሱ እጅ ይሁን እንጂ በኛ አይሁን። የጣት አሻራ መስጠትና ከልጅ ጋር በተዘጋ ክፍል ብቻ አለመሆን ስድብ የሚመስላቸው ጓዶች አሉ፤ ስድብ አይደለም፣ የሰው ልጅ ነው የተሰጠን። የሠፈሩ ልጆች ሁሉ ይምጡ፤ የኛ ብቻ ከሆነ ዕድር እንጂ ሌላ አይሆንም። የአከራዩ ነገር፣ የትምህርት ቤቱ ነገር ሲመጣ (መምጣቱ አይቀርም) ወላጆቹ ይምከሩበት፤ እኛ ከተጠራን እንሂድ፤ ሲጠሩን ግን ረቡዕን አንሰርዝ።

አሁን ያልተፈታው በጋው ነው። ከሜይ እስከ ኦገስት ግማሻችን ሥራ ፍለጋ ወደ ሌላ ከተማ እንሄዳለን፤ ልጆቹ ደግሞ ትምህርት ቤት ተዘግቶ ወላጅ ሥራ ላይ ሆኖ ብቻቸውን የሚውሉት ያን ጊዜ ነው። ጉዳዩ በሚቀጥለው ወር ጠቅላላ ስብሰባ ይወሰናል። ስሙን የሚያስመዘግብ ጓድ በዚያ አራት ወር የት እንደሚሆን ከስሙ ጎን ይጻፍ።